ስለ ምስጋና ወረቀቱና ስላልሄድንባት ደሴት

ይድረስ ለተከበሩ አቶ መልከጼዴቅ፣
ቡራዩ ለሚገኘው ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርና የክረምት ፕሮግራሞች ሁሉ የበላይ ጠባቂ።

ግልባጭ፦
ለመምህራን ክፍል ማስታወቂያ ሰሌዳ፣
ለወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ግፊትዎ ወረደልዎት? ሱሉልታ ያሠሩት አዲሱ ቤትዎ ባለፈው ክረምት በስተጓሮው ያስገባው የነበረው ውሃ ዘንድሮ መላ ተገኝቶለት ይሆናል ብዬ ከልቤ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለክቡር ባለቤትዎም፣ ለልጆችዎም፣ ለመኪናዎም ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት የጠየቁኝ እንደሆነ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ የምለውም ሰው ሲጠይቀኝ ሌላ የምመልሰው ስለማጣ ነው።

ይህችን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓርብ በወላጆች ቀን፣ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ስሜን በማይክ ጠርተው በገዛ እጅዎ ያበረከቱልኝ ባለ ወርቅ ጠርዝ የምስጋና ወረቀት ነው። «ለሦስት ተከታታይ ክረምቶች ያለ ዕረፍት በትጋት ስላገለገሉ» ይላል። ፊደሉ ያምራል፣ ማኅተሙም በደንብ አርፏል፤ ከመስታወቱ ጀርባ የተለጠፈው ካርቶን ሳይቀር ጥንቃቄ የተደረገበት መሆኑን አስተውያለሁ። ማይኩን ሲያቀብሉኝ «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብዬ ስወርድ ለእንግዶቹ «መምህራችን ዓይነ አፋር ናቸው» ብለው ስላስረዱልኝም አመሰግናለሁ። ዓይነ አፋርነት እንኳን አልነበረም። አፌን ብከፍት የሚወጣው ለወላጆች ቀን የሚሆን ስላልነበረ ነው፤ ስለዚህ ቀረኝ ያልኩትን በጽሑፍ ላቅርብ ብዬ ነው።

ለማያውቁኝ ወላጆች፦ ስሜ በሪሁን ይባላል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አሳድዶኝ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብዬ መጥቼ ቡራዩ የቀረሁ ሰው ነኝ። ያስቀረችኝ ወርቅቱ ናት። ወርቅቱን ግን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ የልጆቻችሁን ዩኒፎርም የምትሰፋው፣ የሱሪውን እግር «ልጅ ያድጋል፣ ይቆየው» እያለች ወደ ውስጥ አጥፋ የምትተወው ባለቤቴ ነበረች። ነበረች ማለት አሁንም አፌን ያደናቅፈኛል። ዓመቷ ሊሞላ አንድ ወር ቀርቶታል።

ወርቅቱ የገፈርሳ ገበሬ ልጅ ናት። ከግድቡ ዳር ስላደገች ውሃ ብርቋ አልነበረም፤ ነገር ግን የገፈርሳ ውሃ ማዶ አለው፣ ማዶው ላይ ባሕር ዛፍ አለ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ደግሞ የአጎቷ ቤት አለ። እሷ ማየት የፈለገችው ማዶ የሌለው ውሃ ነበር። በአፍ መፍቻዋ በኦሮምኛ «ገላና» ትለው ነበር፤ ባሕር ማለቷ ነው። እኔ ውቅያኖስን በካርታ ላይ በእንጨት እያመለከትኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ይህን የነገርኳት ቀን ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። «ያ በሪሁን! ያላየኸውን ነው እንዴ የምታስተምረው? ወላጆች የሰሙ ቀን የልጆቹን ክፍያ ያስመልሱሃል!» አለችኝ። ወላጆች ሆይ፣ እነሆ ሰማችሁ።

ሴት ልጃችን ሄመን አየር መንገድ ተቀጥራ ለወላጅ የሚሰጠውን ቲኬት ያገኘች ጊዜ፣ ዛንዚባር የምትባለዋን ደሴት የመረጠችው እናቷ ናት። ቲኬቱ ተገኝቷል፤ ማረፊያውን ልጅቷ ጨርሳዋለች። የጎደለው ሁለት ፈቃድ ብቻ ነበር፤ አንዱ የእርስዎ፣ ሌላው የሰማይ። የሰማዩን ጉዳይ እኔ ያዝኩት። ካርቶን አምጥቼ የአሥራ ሁለቱን ወራት ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ ዝናብ የበዛበትን በሰማያዊ፣ የቀነሰውን በቢጫ ቀለም ቀባሁና ሳሎን ሰቀልኩት። ነገሩ የኛ ግልባጭ ነው፤ እኛ በሐምሌ ጭቃ ስንረግጥ እነሱ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ደግሞ ዋነኛው ዝናባቸው ነው። ጥርም ቢጫ ነበር፤ ግን ጥር ላይ የወርቅቱ ዘመዶች ተራ በተራ ይዳራሉ፣ የወንድም ልጅ ሰርግ ትቶ ባሕር ማየት ደግሞ በገፈርሳ ይቅር የሚባል አይደለም። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ተመረጠ። ወርቅቱም የዘንባባ ሥዕል ያለበት ጨርቅ ከመርካቶ አምጥታ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ሰፋችልኝ፤ «በዚያ ሹራብህ ባሕር ዳር ቆመህ አታሰድበኝም» ብላ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። በመጀመሪያው ዓመት የዕረፍት ጥያቄዬን በሰኔ መግቢያ ሳቀርብ፣ በመምህራን ስብሰባ መካከል ማመልከቻዬን ጮክ ብለው አንብበው «መምህር በሪሁን ዓሣ ሊያጠምዱልን ነው» ያሉትን ቀልድ ዛሬም አልረሳሁትም። ሁሉም ስቋል፤ እኔም ስቄአለሁ፤ የአለቃ ቀልድ ሳይስቁበት ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከሳቁ በኋላ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ያለ ጂኦግራፊ ባዶ እንደሚሆን፣ ወላጆችም እንደሚያዝኑ አስረዱኝ። በዚያ ክረምት ለጂኦግራፊ የተመዘገቡት ተማሪዎች አራት ነበሩ። ከአራቱ ሁለቱ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይቀሩ ነበር፤ በቡራዩ ሐምሌ ደግሞ ዝናብ ያልጣለበትን ቀን እርስዎ ይቁጠሩልኝ። እቤት ገብቼ ለወርቅቱ ስነግራት «አይዞህ፣ ባሕሩ እንደሆነ የትም አይሄድ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ባሕሩ የትም አልሄደም።

ሁለተኛ። በሁለተኛው ዓመት ያለማመልከቻ የችግኝ ተከላ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው ስለሾሙኝ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው ከአፈር ጋር ዝምድና አለው ማለትዎ ብልህነት ነበር። ስድስት ቅዳሜ ከነልጆቹ ቦት ጫማ አድርገን ዳገት ወጥተናል። የተከልነውንም ፎቶ ተነሥተንበታል፤ ፎቶው እስከ ዛሬ ቢሮዎ አለ፣ ችግኞቹን ግን የአካባቢው ከብት ገና በመስከረም ነው የጨረሳቸው። ወርቅቱ ያን ጊዜ ነው ምግብ አልረጋልሽ ያላት። «ጨጓራ ነው» አለች። እኛም «ጨጓራ ነው» አልን። ተልባ ጠጪ ያላት አለ፣ ሽሮ ተዪ ያላት አለ፤ ሰው ሁሉ ጨጓራ ያለበት አገር ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። እኔም አልደነገጥኩም፤ ወይ ነዶ!

ሦስተኛ። ይህኛው ባለፈው ዓመት ነው። ሰኔ ላይ የወርቅቱ ነገር ጨጓራ አለመሆኑ ታወቀ። ሐኪሙ ሄመንንና እኔን ለብቻ ጠርቶ፣ አባብሎ፣ ብዙ እንዳልቀረ ነገረን፤ መውሰድ የምትፈልጉት ቦታ ካለ አሁን አቅም ሳላት ውሰዷት አለን። ሄመን በዚያው ቀን ለሐምሌ ስምንት ቲኬት አስያዘች። እርስዎ ቢሮ መጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩዎት። «ይማርልን» አሉኝ፤ ተነሥተውም ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ፣ ይህን አልክድም። ከዚያ ተቀመጡና የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ እስከ ሐምሌ መጨረሻ መሆኑን፣ የሰው እጥረት መኖሩን አስታወሱኝ። «ነሐሴ ሦስት ይሂዱ፤ ሦስት ሳምንት ምን አላት?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ምን እንደነበራት ልንገርዎት። በመጀመሪያው ሳምንት ግቢው ድረስ ወጥታ የጎረቤት ልጆችን ትጠራ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መስኮት ከፍተን እናስቀምጣት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ሐምሌ ሃያ አራት ቀን፣ ጠዋት፣ እህቷ ከሱሉልታ ይዛላት የመጣችውን ወተት ሁለት ጊዜ ቀምሳ «በቃኝ» አለች፤ በዚያው በቃት። እኔ በዚያን ሰዓት ትምህርት ቤት ነበርኩ። የአንድ አዲስ ተማሪ ልደት ካርድ ላይ የአያቱ ስም አልነበረም፤ አባቱ የአያቱን ስም እንዲያጽፍ ወደ ቀበሌ እየመለስኩት ነበር።

ለሐዘኑ ግን ሳልጠይቅ ሦስት ቀን ስለፈቀዱልኝ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ኮሚቴ አልተሰበሰበበትም፣ ማመልከቻም አልተነበበበትም፤ በትምህርት ቤቱ ታሪክ እንዲህ ፈጥኖ የተፈረመ ፈቃድ መኖሩን አላውቅም። ቀብሩ ላይም በጃንጥላ ሥር ቆመው አይቼዎታለሁ። ዝናቡ ጉድጓዱን በውሃ እየሞላው ቆፋሪዎቹ በጆግ ሲቀዱት ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ እጄ በልማድ ስልኬን ከፍቶ የዚያችን ደሴት አየር አየ። ፀሐይ ነበር። አንድ ደመና እንኳ አልነበረበትም። ሰንጠረዤ ልክ ነበር ማለት ነው።

አራተኛ። እዚህ ላይ እርስዎን የምከስበት የለኝም።

ባለፈው ዓመት፣ ሁሉ ነገር ገና ጨጓራ ሳለ፣ ለፋሲካ አሥር ቀን ፈቅደውልኝ ነበር። ሳልለምንዎት፣ በራስዎ አፍ፣ ኮሪደር ላይ አቁመውኝ «ያቺን ደሴትዎን በፋሲካ ጣል ያድርጓት» አሉኝ። እውነት እውነት ነው፤ ሦስት ክረምት የወሰዱብኝን ያህል አንድ ሚያዝያ ሰጥተውኛል። ሮጬ ሄጄ ለወርቅቱ ነገርኳት። የሰው ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር፤ ማሽኑን አቆመች፣ ተነሣች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አየች፣ እኔን አየች። ሰንጠረዡ ላይ ሚያዝያ ጥቁር እስኪመስል ድረስ ሰማያዊ ነው። እኔው ነኝ የቀባሁት።

«አይሆንም» አልኳት። ሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ያስተማርኩበትን ድምፅ አውጥቼ ገለጽኩላት፤ የሚሊ ሜትሩን መጠን ጠራሁላት። ሄደን ቤት ውስጥ ተቀምጠን ዝናብ ልናይ ነው ወይ? ዝናብ ከሆነ የቡራዩ ምን ጎደለው? አልኳት። እሷም «ቦካን ማል ኑ ጎዻ? ዝናብ ምን ያደርገናል በሪሁን? ማሎ፣ እንሂድ በቃ» አለችኝ። ማሎ ማለት እባክህ ማለት ነው። ወርቅቱ በሃያ ሦስት ዓመት ትዳራችን ለራሷ ጉዳይ እባክህ ያለችኝን ጊዜ አስቤ ሌላ አላገኘሁም። እኔ ግን ሐምሌ ደረሰ አልኳት፤ ደህና ወር እያለ በመጥፎ ወር ለምን እንሂድ አልኳት። «አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። ማሽኑ ላይ ተቀምጣ መስፋቷን ቀጠለች። እኔም ማሳመኔ ነበር ደስ ያለኝ፤ አፌ ቁርጥ ይበል!

ከቀብሯ ሰባተኛ ቀን በኋላ መምህርት ኡሙልኸይር ከባለቤታቸው ጋር ከሰበታ ድረስ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ፤ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት የኛው ባልደረባ ናቸው። ለቅሶ ቤት ሲቆይ ወሬ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሐዘንተኛውንም ለማጫወት ሰው የመጣለትን ያወራል። ስለ ዕቅዳችን አንዳች የማያውቁት ምስኪን፣ በሚያዝያው ዕረፍት የባለቤታቸው እህት ጋር ዛንዚባር ደርሰው መምጣታቸውን አወሩ። እንደ ዘበት «ዝናቡስ?» አልኳቸው። «አይ መምህር፣ የዚያ አገር ዝናብ እኮ ዝናብ አይባልም» አሉኝ። አንዳንድ ቀን ከባድ ነው፣ ግን እንደ እኛ ቀኑን ሙሉ ሲያላዝን አይውልም፤ ይወርድና ያባራል፣ ወዲያው ይደርቃል፣ ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ብርድ የለውም አሉኝ። ለብ ያለ ነው፤ ሰዉ ባሕር ውስጥ እንዳለ ይዘንብበታል፣ የሚወጣ የለም፤ እሳቸውም ከነልብሳቸው ውሃ ውስጥ ተቀምጠው፣ ዝናቡ በአናታቸው ላይ ሲወርድ እንደ ልጅ ሲስቁ ነበር አሉኝ።

አበስኩ ገበርኩ! ለብ ያለ ዝናብ!

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ይህ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ያለ ዝናብ ሞቃት መሆኑን፣ ሲመጣም በርትቶ መጥቶ ወዲያው እንደሚያባራ እኔው ራሴ ሃያ ስድስት ዓመት በሰሌዳ ጽፌአለሁ፤ በፈተናም አውጥቼዋለሁ፤ የተሳሳተ ልጅ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጌአለሁ። ጭንቅላቴ ያውቀው ነበር። አጥንቴ ግን የሚያውቀው የቡራዩን ዝናብ ነው። እኛ ዝናብ ስንል ብርድ ማለታችን ነው፣ ጭቃ ማለታችን ነው፣ ታክሲ የለም ማለታችን ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሮጠን የምንሸሸው እንጂ የምንቀመጥበት አይደለም። ሰማያዊውን ቀለም ስቀባ የቀባሁት የቡራዩን ሐምሌ ነበር። ባለቤቴን የደገኛ ብርድ አስፈርቶኝ ከማይበርድ ባሕር ከለከልኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ ውሻው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከሦስቱ ክረምቶች የእርስዎን ድርሻ ይውሰዱ፤ ሐምሌ ስምንት ላይ ደግሞ ድርሻዎ ከባድ ነው፣ እግዜር ይይልዎት ብያለሁ፣ መልሼም ይቅር ይበልዎት እላለሁ፤ እንደ ቀኑ ነው። ሚያዝያን ግን ለእኔ ይተዉልኝ። ያን ለማንም አላካፍልም። ለሄመን እንኳ የነገርኳት ገና ባለፈው ሳምንት ነው፤ በስልኩ «አባዬ፣ በላህ?» አለችኝ። ይኸው ነው ያለችኝ።

ለዘንድሮው ክረምት የትም ስለማልሄድ፣ ማጠናከሪያውንም፣ ምዝገባውንም፣ ችግኙንም በደስታ እቀበላለሁ። የአራተኛውን ክረምት የምስጋና ወረቀት ማዘጋጀት ከፈለጉ ግን አንዲት ማስተካከያ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ «ያለ ዕረፍት» የሚለው ላይ የእኔን ስም ብቻ ሳይሆን የወርቅቱንም ስም ያስገቡልኝ። ያገለገልነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔ ክፍል ውስጥ፣ እሷ እቤት ሆና በመጠበቅ።

ለትምህርት ቤቱ ዕድገትን፣ ለወላጆች ጤናን፣ ለእርስዎም ረጅም የሥልጣን ዘመንና ያላቋረጠ የበጀት ዓመት እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ በታች ካለው ከተለመደው ቦታዬ ሆኜ እጅ ነሥቻለሁ።

በሪሁን፣ የጂኦግራፊ መምህር፣
የሦስት ክረምት ተሸላሚ፣
ቡራዩ፤ ሰኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከሰዓት በቴሌግራም ለብቻዬ የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። ባለቤትዎ ከሠርጋችሁ ጀምሮ ሞምባሳን ማየት ሲመኙ መኖራቸውን፣ ዘንድሮ ፋሲካ ላይ «እንሂድ» ብለው ጠይቀውዎት እርስዎ ግን አየሩ ሳይጠና አይሆንም ማለትዎን፣ አሁን ደግሞ ባለሙያ ነኝና የትኛው ወር እንደሚሻል እንዳማክርዎት ጽፈውልኛል። ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። መልሱ አጭር ነው፦ የሚሻለው ወር እሳቸው «እንሂድ» ያሉበት ወር ነበር። እሱ አልፏል። ይህን አንብበው እንደጨረሱ ቢሮዎን ይቆልፉና ወደ ሱሉልታ ይንዱ፤ የሰኔን ምዝገባ እኔ እይዝልዎታለሁ፣ እጄ ለምዶታል።